ጉልበቱን ይዞ የመጣ እንግዳ

ከመቐለ የተመረቀ ወጣት «ገጠር ወርጄ ከገበሬ ጋር እየሠራሁ ልማር፤ ደመወዝ አልፈልግም» ሲል ሰሚው መጀመሪያ የሚያየው ቸርነቱን ነው። በነጻ የሚሠራ ሰው ለተቀባዩ ንጹሕ ትርፍ ይመስላል። የገበሬው ቤት ሒሳብ ግን ከሌላ ጫፍ ይነሣል። ልጁ የት ያድራል? ምሳውን ማን ያበስላል? የሚጠጣው ውሃ ከምን ያህል ርቀት ይቀዳል፣ የምትቀዳውስ ማን ናት? ሞፈር ሲጨብጥ አጠገቡ ቆሞ የሚያሳየው ሰው የራሱን እርሻ አቋርጦ አይደለም ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሄደ በጎ ፈቃደኛ፣ ልቡ የቱንም ያህል ቀና ቢሆን፣ ለተቀበለው ቤት አንድ ተጨማሪ አፍ ነው።

ይህን ማንሣቴ ሐሳቡን ለማጣጣል አይደለም። እርሻ የሚኖርበት መንደር ገብቶ፣ አብሮ እየበላና አብሮ እየሠራ መማርን የሚተካ ትምህርት አላውቅም። ሒሳቡ አስቀድሞ በግልጽ እንዲቀመጥ የምሻውም ለዚሁ ነው። ትግራይ ደግሞ ለዚህ ሒሳብ አዲስ አይደለችም። ያለ ክፍያ የሚሠራ ጉልበት መቼ እንደሚጠራ፣ በማን እንደሚመራ፣ ፍሬውም ለማን እንደሚሆን ደንብ አውጥተው የኖሩ ገበሬዎች ከመቐለ በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ አሉ።

መጀመሪያ ወፈራ አለ። በአማራ ገበሬዎች ዘንድ ያሉትን ደቦንና ወንፈልን የሚመስል የጉልበት መረዳጃ ነው። እርሻው የከበደው፣ አዝመራው የደረሰበት ወይም ቤት የሚሠራ ሰው ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ ጎረቤቶቹ ይወጣሉ፤ ጠሪው እንጀራና ስዋ (የትግራይ ጠላ) ያቀርባል። የሰጠኸው ቀን በማንም ደብተር አይጻፍም፣ ግን አይረሳም። ነገ አንተ ስትጠራ የዛሬው ጠሪ ይመጣል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው በተራ የሚያርሱበት ልፍንቲም በዚሁ እምነት የቆመ ነው። የታመመ፣ ባሏ የሞተባት፣ ያረጀ ሰው ሲኖር ብድሩ ሳይጠበቅ ይታረስለታል፤ ያም ቢሆን መንደሩ የሚያውቀው ዕዳ ነው፣ ባለዕዳውም በሌላ መንገድ ይከፍላል፤ ልጁ ሲያድግ ወይም እርሱ ራሱ በሽምግልና።

ከከተማ የመጣው በጎ ፈቃደኛ በዚህ ክበብ ውስጥ ቦታ የለውም። እርሻ የለውም፣ ስለዚህ ቀኑ አይመለስለትም። ገበሬው ደግሞ መመለስ የማይችለውን ሥጦታ ሲቀበል ይከብደዋል፤ የከበደውን በመስተንግዶ ለማካካስ ይሞክራል። ለእንግዳው ዶሮ ይታረዳል፣ ለልጆች የተቀመጠው ወተት ይቀርባል፣ ብቸኛው አልጋ ይለቀቃል። እንግዳው ከተማ ተመልሶ «እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ» ይላል። ደግነቱ እውነት ነው፤ ግን አንድ ሳምንት ድንጋይ ያቀበለ ልጅ የበላው ከሠራው በልጦ ሊሆን ይችላል። መውጫው ግንኙነቱን በእውነተኛ ስሙ መጥራት ነው። የመጣው ሊማር ነው፤ ገበሬው አስተማሪ ነው፤ ጉልበቱ የትምህርት ክፍያ ነው። ይህ ሲባል ዕዳው ቦታውን ይለውጣል፣ አስተናጋጁም ቀና ብሎ «ይህን እንዲህ አታድርግ» ለማለት ነጻ ይሆናል።

ሁለተኛውና ሰፊው ልምድ የተፈጥሮ ሀብት ሥራው ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በትግራይ ገጠር መሥራት የሚችል አዋቂ ሁሉ በየዓመቱ የተወሰኑ ቀኖች ያለ ክፍያ ለአፈርና ውሃ ጥበቃ ሲያውል ኖሯል። የቀኖቹ ብዛት በየጊዜው ተለዋውጧል፤ ለብዙ ዓመታት የታወቀው ግን 20 ቀን ነው። ወቅቱ በአመዛኙ ጥርና የካቲት ነው፤ እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፣ ዝናቡ ገና ነው፣ ጉልበት ነጻ ነው። ሰው በየቁሸቱ፣ ማለትም በየጎጡ፣ ይሰለፋል፤ አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ድንጋይ ይሸከማል፣ አንዱ ይደረድራል። ሁሉም በደስታ ወጥቷል ማለት አይቻልም። ያለ ምክንያት የቀረ ሰው በአካባቢው ደንብ የሚቀጣበት ጊዜ ነበር፤ ስለዚህ «በጎ ፈቃድ» የሚለውን ቃል እዚህ ላይ በጥንቃቄ እጠቀምበታለሁ። ግዴታውን የሚቻል ያደረገው ግን አንድ ነገር ነው ብዬ አስባለሁ፤ እርከኑ የሚሠራው ከሠሪው እርሻ በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የሚወርደው በእርሱ ማሳ ላይ ነው።

ያ የድንጋይ እርከን ሲታይ ቀላል ነው። ከዳገቱ ወገብ ጋር እኩል የሚሄድ መስመር በውሃ ልክ ይለካል፤ መሠረቱ ይቆፈራል፤ ትልልቁ ድንጋይ ከሥር፣ ትንንሹ ከላይ ይገባል። መስመሩ በጥቂቱ እንኳ ካዘነበለ ውሃው ከመስረግ ይልቅ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ይሮጥና እዚያ ቦይ ይቆፍራል፤ አፈር ሊያስቀር የተሠራው ነገር አፈር የሚያስወስድ ይሆናል። በደንብ የተሠራ እርከን ምን ያህል እንደሚጠቅም የተለካውም እዚሁ ነው። ደስታ ገብረሚካኤልና ባልደረቦቹ በትግራይ ደጋ ማሳዎች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ሥራ፣ እርከኑ በማሳ ላይ የሚታጠበውን አፈር በአማካይ በ68 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ትግራይ የተመላለሰው ቤልጅጋዊው የጂኦግራፊ ተመራማሪ ያን ኒሰን ደግሞ ከመቐለ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲዘምት ከተነሡ ፎቶግራፎች ጋር የዛሬውን መልክዓ ምድር አስተያይቷል። በብዙ ቦታ ዳገቱ ከዚያን ጊዜ ይልቅ በኋላ ለምልሞ ተገኝቷል። የሕዝብ ብዛቱ በስንት እጥፍ ካደገ በኋላ መሆኑ ሰውን ሁሉ ያስገረመ ነው፤ እኔንም ባነበብሁት ቁጥር ያስገርመኛል።

ሥራው ዓለም አቀፍ ዕውቅናም አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የትግራይ ክልል የተራቆተ መሬትን መልሶ ለማልማት በተከተለው ፖሊሲ ከወርልድ ፊውቸር ካውንስል የወርቅ ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ አንዲት ጣብያ፣ ማለትም ቀበሌ፣ ለብቻዋ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ወስዳለች። ጣብያዋ አብርሃ ወአጽብሃ ናት።

አብርሃ ወአጽብሃ ከውቅሮ በስተምዕራብ በክልተ አውላዕሎ ወረዳ ትገኛለች። ስሟን የወሰደችው በሁለቱ ነገሥታት ስም ከተጠራው ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። መሬቷ እጅግ ከመራቆቱ የተነሣ ነዋሪዎቿን ወደ ሌላ አካባቢ ማስፈር የታሰበበት ጊዜ ነበር። ሰዎቹ መቆየትን መረጡ። የመሩት ገብረሚካኤል ግደይ ናቸው፤ ሕዝቡ «አባ ሓዊ» ብሎ የሚጠራቸው። ዳገቱ ከከብት ተከለለ፤ በቦረቦሩ ላይ ክትር ተሠራ፤ ውሃ እንዲሰርግ ኩሬ ተቆፈረ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የከርሰ ምድር ውሃው ቀረበ፤ ሰዎች በየማሳቸው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ አገኙ፤ ማንጎ፣ አቮካዶና ብርቱካን ተተከለ። በማሳው መካከል የቆመው ሞሞና ዛፍም እንዳይቆረጥ በደንብ ተከለከለ። ይህ ዛፍ ክረምት ላይ ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም ስለሆነ ሰብሉን ጥላ አያጠላበትም፤ ቅጠሉ አፈሩን ያዳብራል፣ ፍሬው ለከብት መኖ ይሆናል።

አብርሃ ወአጽብሃን በዚህ ምዕራፍ ያመጣኋት ስለ ማንጎው አይደለም። መንደሯ ስትታወቅ ጎብኚ በዛባት፤ ተማሪ፣ ተመራማሪ፣ ከሌላ ወረዳ ልምድ ሊቀስም የመጣ ገበሬ፣ የውጭ ሰው። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ያተረፈው ከሌላ ወረዳ የመጣው ገበሬ ነው እላለሁ። ጥያቄው የተቆረጠ ነው፤ ጉድጓዱ በስንት ክንድ ውሃ አገኘ? ሣሩን ማን ያጭዳል፣ እንዴትስ ይካፈላሉ? በተከለለው ዳገት ፍየሉ የገባችበት ሰው ምን ተደረገ? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ቤት ያለ የራስ ችግር ያስፈልጋል። ከከተማ የሚሄድ ወጣትም ይዞ የሚሄደው አንድ የራሱ ጥያቄ ካለው፣ አስተናጋጁ ምን እንደሚያስተምረው ያውቃል። «የገጠር ሕይወትን ለማየት ነው የመጣሁት» ለሚል ሰው ግን ማንም ምን ሥራ እንደሚሰጠው አያውቅም።

በሌላው ዓለም ያለ ደመወዝ በእርሻ ላይ እየሠሩ መማር የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሱ ኮፓርድ የተባለች የለንደን ጸሐፊ የከተማ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ በሱሴክስ በተፈጥሮ ማዳበሪያ በሚለማ እርሻ ላይ እንዲሠሩ አደራጀች። ዛሬ «ዉፍ» በሚል ምሕጻር በብዙ አገሮች የሚታወቀው ልውውጥ የመጣው ከዚያ ነው፤ እንግዳው በቀን ጥቂት ሰዓት ይሠራል፣ አርሶ አደሩ ምግብና ማደሪያ ይሰጣል፣ ገንዘብ አይተላለፍም። በእስራኤል ደግሞ ኪቡትዝ ከሚባሉት የጋራ እርሻ መንደሮች የመጀመሪያው ደጋንያ እ.ኤ.አ. በ1910 ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ከመላው ዓለም ወጣቶች በብዛት ለበጎ ፈቃድ ሥራ ወደ ኪቡትዞች ጎረፉ። ብዙዎቹ የተመደቡት ብርቱካን ለቀማና ወጥ ቤት ላይ ነበር። እነዚህ ልውውጦች የሚሠሩት አስተናጋጁ ጎተራው ሞልቶ ሲያድር ነው። የእንግሊዙ አርሶ አደር ለአንድ እንግዳ የሚያቀርበው ምግብ የቤቱን ወር አያናጋም። ያንን ደንብ እንዳለ አንሥቶ ክልተ አውላዕሎ ወይም ደጉዓ ተምቤን ላይ መትከል አይቻልም።

ስለ ወቅት እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ከምንም በላይ የሚሳተው እርሱ ነው። ተማሪ የሚለቀቀው በክረምት ነው፤ የበጎ ፈቃድ ዘመቻ ሁሉ «የክረምት» ነው። በትግራይ ደጋና ወይና ደጋ ሐምሌና ነሐሴ የአምናው እህል የሚያልቅበት፣ የዘንድሮው ገና ቡቃያ የሆነበት ጊዜ ነው። ደሃው ቤት ምግቡን ቆጥቦ የሚበላው፣ በብድር እህል የሚያመጣውም ያኔ ነው። ሥራው ደግሞ ለጀማሪ አይመችም። መዝራት የገበሬው ዓይንና እጅ የሚጠይቅ ነው፤ ዘሩ ከተበተነ አይመለስም። አረም ማረም ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስናር በቡቃያው ከስንዴና ከገብስ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፣ ስንዴና ገብስ ተቀላቅሎ በሚዘራበት የሓንፈጽ ማሳ ላይማ ልምድ የሌለው እጅ የቱን እንደሚነቅል ለማወቅ ይቸገራል። ስለዚህ እንግዳው የሚመጣው ምግብ በሌለበትና እርሱም በማይጠቅምበት ወር ነው።

ኅዳርን አስቡ። አጨዳው ደርሷል፣ ዝናብ ሳይመታው መግባት አለበት፣ ጉልበት በየቤቱ ይፈለጋል፤ አዲስ እህል ይቀመሳል። ማጨድን አንድ ሰው በሳምንት ባይካንበትም በቀናት ውስጥ ይለምደዋል፤ ነዶ መሸከምና አውድማ ማዘጋጀት ደግሞ ጉልበት እንጂ ብዙ ልምድ አይጠይቅም። ከዚያ ጥርና የካቲት ይመጣሉ፤ የእርከኑና የክትሩ ወቅት። አሁንም ለጀማሪ ሥራ አለ፣ ሥራውም በቡድን የሚሠራ ስለሆነ አንድ ጀማሪ የአንድ ሰው ቀን አያበላሽም። ወጣቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢቆይ ወይም ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ቢመጣ ለመንደሩም ለራሱም ይበጃል። ከዩኒቨርሲቲው ሰሌዳ ጋር አይገጥምም፤ ለተመረቀና ሥራ ለሚጠብቅ ግን ይገጥማል፤ በመቐለ ደግሞ እንዲህ ያለው ወጣት ብዙ ነው።

የእንግዳው ወጪ ጥያቄ ግን በወቅት ብቻ አይፈታም። አንድ ላይ ለመኖር በፈቃዳቸው የተሰባሰቡ ገበሬዎች ማኅበር በአገራችን ከተባለ፣ የሚጠራው አውራ አምባ ነው። በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ይገኛል። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረተው ነው። በሴትና በወንድ ሥራ መካከል ልዩነት የለም፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ይፈትላል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም፤ ፈጣሪ አንድ ነው፣ የሚመለከውም በመልካም ሥራ ነው ብለው ያምናሉ። ለዚህ ሁሉ ከጎረቤቶቻቸው ብዙ ተቃውሞ ደርሶባቸዋል፤ በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ መንደራቸውን ጥለው ወደ ቦንጋ ተሰደዱ፤ የተመለሱት በ1985 ዓ.ም. ነው። ሲመለሱ ያገኙት መሬት 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር።

ይህ ቁጥር አውራ አምባን ለሚያይ ሰው ሁሉን ይገልጣል። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች የማይበቃ መሬት ነው፤ ስለዚህ ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ንግድ ዞሩ። «የእርሻ መንደር» ብሎ የመጣ እንግዳ የሚያገኘው መሸመኛና የሒሳብ ደብተር ነው። ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካኝ ደግሞ «ለወገን ደራሽ» የሚሉት ሥራቸው ነው። ከሳምንቱ አንዱን ቀን የሚሠሩት ለተቸገረ ሰው ነው፤ ከዚያ ቀን የሚገኘው ገቢ ለአረጋውያን፣ ለታመሙና ለችግረኛ ይውላል። አዛውንቶቻቸው የሚጦሩበት ቤት አላቸው፤ ሕፃናቱም ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የሚማሩበት ቦታ ተዘጋጅቶላቸዋል። እንግዳ ሲመጣ ከጎብኚ መጠነኛ ክፍያ ይቀበላሉ፣ የሚያድርበት የእንግዳ ቤት አላቸው፣ የሚያስጎበኝ ሰው ይመድቡለታል። አንዳንድ ሰው ይህን ንግድ ነው ብሎ ሲያጣጥለው ሰምቻለሁ። እኔ ግን በጣም ጤናማ ሆኖ አገኘዋለሁ። የእንግዳውን ወጪ የሚሸፍነው እንግዳው ራሱ ነው፤ ማንም ቤት የልጁን ድርሻ ለእንግዳ አያቀርብም፤ ጎብኚውም የማንም ባለዕዳ ሳይሆን ይሄዳል።

በአሜሪካ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው ትዊን ኦክስ የሚባል ማኅበር በሌላ አቅጣጫ ለዚሁ መልስ ሰጥቷል። እዚያ ወጥ መሥራት፣ ዕቃ ማጠብ፣ ልጅ መጠበቅና እርሻ ሁሉ በሰዓት ይቆጠራሉ፣ አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። አባል መሆን የሚፈልግ ሰው ሦስት ሳምንት አብሮ ይኖራል፣ እንደ ማንኛውም አባል ይሠራል፣ ከዚያም ይሄዳል፤ ስለ እርሱ የሚወስኑት ከሄደ በኋላ ነው።

የወጥ ቤቱ ሰዓት መቆጠሩን በተለይ ያነሣሁት ስለ ሴት በጎ ፈቃደኞች ነው። በትግራይ ገጠር ሴት ሞፈር አትይዝም፤ በሬና ወንድ ጉልበት የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፣ ምርቱንም ታካፍላለች። ግብርና ተምራ ከመቐለ የሄደች ወጣት መንደሩ ስትደርስ ወዲያው የምትመደበው ጓዳ ነው፤ ውሃ መቅዳት፣ ማብሰል፣ ቡና ማፍላት። አብሯት የሄደው ወንድ ግን ዳገት ይወጣል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ቤቱ የሚያውቀው ይህንን ነው። ስለዚህ የሥራው ዝርዝር ከመሄዷ በፊት ከጣብያው ሰዎች ጋር መነገር አለበት። ሴቶች በእርከን ሥራ፣ በችግኝ ጣቢያ፣ በብስባሽ ማዳበሪያ ዝግጅት ከወንድ እኩል ስለሚሠሩ ቦታው አለ። ወንዱም ጓዳ ይግባ፤ ምሳውን የምታዘጋጅለትን እናት ጊዜ ቆጥሮ ማወቅ የግብርና ትምህርቱ ክፍል ነው።

ተማሪን በብዛት ወደ ገጠር መላክ በአገራችን ተሞክሯል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች እንዲያገለግሉ ደንብ አወጣ፤ አብዛኞቹ በመምህርነት ሠርተዋል። ከዚያ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ፤ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በየአገሩ ተበተኑ። ማንበብና መጻፍ አስተማሩ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ የየካቲቱን የመሬት አዋጅ አብራሩ፣ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ። ብዙዎቹ ከልባቸው ሠርተዋል፤ ያን ዓመት የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም ስለ ገጠር ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ይሁን እንጂ ዘማቹን የጠራው መንግሥት ነው፣ ሥራውን የወሰነው መንግሥት ነው፣ መመለሻውንም እንዲሁ። ገበሬው ስንት ዘማች እንደሚፈልግና መቼ እንደሚፈልግ አልተጠየቀም።

በስሪ ላንካ የሆነው ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1958 ኤ. ቲ. አርያራትኔ የተባለ የኮሎምቦ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ካናቶሉዋ ወደምትባል የተገለለች ድሃ መንደር ሄደ። ልጆቹ ከመንደሩ ሰዎች ጋር አብረው እየኖሩ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ሌላም ሥራ ሠሩ። ከዚያች መንደር የተነሣው ሳርቮዳያ የተባለው ንቅናቄ በሺዎች ወደሚቆጠሩ መንደሮች ተስፋፋ። የልዩነቱ ምንጭ ግልጽ ነው፤ በቁጥር ጥቂት ሆነው ወደ አንድ መንደር ሄዱ፣ ጎን ለጎን ከመንደሩ ሰው ጋር ሠሩ፣ ከዚያም ተመላለሱ።

ከከተማ የሚሄደው ወጣት ይዞት የሚሄደው ጠቃሚ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። መለካትና መመዝገብ የተማረ ሰው ያውቃል። ከላይ የተናገርሁት እርከን በውሃ ልክ ሲለካ ቁጥር የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። የጉድጓዱ ውሃ በየወሩ ስንት ክንድ እንደወረደ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። የትግራይ የማዳበሪያ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ተወልደ ብርሃን ገብረእግዚአብሔርና እንግሊዛዊቷ የዕፅዋት ሊቅ ባለቤቱ ሱ ኤድዋርድስ በመሠረቱት የዘላቂ ልማት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 ከትግራይ ግብርና ቢሮ ጋር ሥራ ሲጀመር የተመረጡት አራት ማኅበረሰቦች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ በአክሱም አጠገብ፣ አንዱ በሐይቅ ሐሸንገ አካባቢ። ገበሬዎቹ ብስባሽ ያዘጋጁ ነበር፤ ምርቱ ከማሳቸው ላይ እየተለካ ይመዘገብ ነበር። ብስባሽ የገባበት ማሳ በብዙ ሰብል ከኬሚካል ማዳበሪያው ጋር የሚተካከል ወይም የሚበልጥ ምርት መስጠቱ የታወቀው በዚያ ምዝገባ ነው። ገበሬው ራሱ በዓይኑ ያየውን ሌላ ወረዳ እንዲያምነው ያደረገው ቁጥሩ ነው።

ብስባሹ ራሱ ለሰልጣኝ የሚሆን ምርጥ ሥራ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አረንጓዴው ቅጠልና እርጥበቱ ሳለ፣ ጉድጓድ ይቆፈራል። ደረቅ ገለባና አገዳ ከሥር፣ እርጥብ ቅጠል ከላዩ፣ ከዚያ ፍግ፣ ጥቂት አፈርና አመድ፤ እንዲህ እየተደራረበ ይሞላል፣ ይከደናል። ከውስጡ ሙቀት እንዳለው ለማወቅ እንጨት ይሰካል፤ ሲወጣ ትኩስና ርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ውሃ ይጨመርበታል። ከወር በኋላ ይገለበጣል። ከሦስት እስከ አራት ወር ሲሞላው ይበስላል፤ ለሚቀጥለው እርሻ ይደርሳል። የጀመረው ሰው ሳይገለብጠው ከሄደ ግን ለተቀባዩ ቤት ግማሽ የተሠራ ሥራ ትቶበት ሄዷል። የአንድ ሳምንት በጎ ፈቃደኛ ብስባሽ መጀመር የለበትም።

አሁን ያለነው ከጦርነት በኋላ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት የእርሻ በሬዎች ታርደዋል፣ ተዘርፈዋል፤ ሞፈርና ቀንበር ተሰባብሯል፤ በከለላ ያደገ ዛፍ ለማገዶና ለከሰል ተቆርጧል፤ የተናደ እርከን ሳይጠገን ክረምት አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1993 በ42 ተማሪዎች የደረቅ አካባቢ ግብርና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረውና በኋላ መቐለ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋምም ተዘግቶ ቆይቷል፤ አንድ ትውልድ ትምህርቱ ተቆርጦበታል። ወጣቱም ገበሬውም አንዱ ሌላውን የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ግን ደሃ ቤትን በጎ ፈቃደኛ በመላክ ማደኸየትም ከምንጊዜውም በላይ የቀለለበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሰልጣኝ የሚልክ ማንኛውም ኮሌጅ ወይም ማኅበር ጥሬ እህልን ከወጪው ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ያድርገው። ልጁ የሚበላው ጤፍና ሽሮ በገንዘብ ተተምኖ ከዚያችው ጣብያ ይገዛ፤ በመንገድ ላይ ቡናና ስኳር ይዞ መሄድ ደግ ልማድ ነው፣ ነገር ግን የሦስት ወር ቀለብን አይተካም። ማደሪያው በአንድ ድሃ ቤት ላይ አይጫን፤ የጣብያው የገበሬ ማሠልጠኛ ክፍል ይጸዳ። የቀን ሥራው በአንድ ቤት ብቻ እንዳይሆን፣ በሬ ለሌላቸውና ሴት ለምትመራቸው ቤቶች በተራ ይመደብ፤ ተራውን የሚያወጡት የቁሸቱ ሴቶችና ሽማግሌዎች ይሁኑ። የመዘገበው ቁጥር ሁሉ በሁለት ግልባጭ ይጻፍ፣ አንዱ ጣብያው ውስጥ ይቅር። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ልጁ ለጥቂት ቀን ወደ መቐለ ይመለስ፤ የጣብያው ሰዎች እርሱ በሌለበት ተቀምጠው ለቀሪው ወቅት ይመለስልን ወይስ አይመለስልን የሚለውን ይወስኑ፣ ውሳኔያቸውም ምክንያት ሳይጠየቅበት ይፈጸም።